ነገረ ንዋይ፤ የአረጋዊና የወጣት ምልልስ

ወጣት፦ የኔታ፣ ከበቆሎና ከበርበሬ ሽያጭ ያጠራቀምሁት ጥቂት ብር አለኝ። ከመርካቶ የመጣ አንድ ወዳጄ ዱርቤቴ ገበያ አግኝቶኝ፣ «የቻይና ዩዋን የነገው የዓለም ገንዘብ ነውና ብርህን ወደ እርሱ ለውጠህ አስቀምጥ» ብሎ መከረኝ። ምክሩን ልቀበለው ወይ?

አረጋዊ፦ ልጄ፣ ጥያቄህን ለሁለት እንክፈለው፤ ዩዋን በዓለም ዘንድ ከበረ ወይ የሚለው አንድ ነገር ሲሆን፣ ዩዋን ያስቀመጠ ሰው ያተርፋል ወይ የሚለው ሌላ ነውና። ስለ ክብሩ ወዳጅህ እውነት ብሏል፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ከዶላር፣ ከዩሮ፣ ከየንና ከፓውንድ ቀጥሎ አምስተኛ አድርጎ ከመጠባበቂያ ገንዘቦቹ ተርታ አስገብቶታል። ነገር ግን በዚያው አቆጣጠር በ2014 መግቢያ በስድስት ዩዋን ገደማ ይገዛ የነበረው አንድ ዶላር፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ከሰባት ዩዋን በላይ ያስከፍል ነበር። ክብሩ ከፍ እያለ ዋጋው ዝቅ ካለ፣ ሁለቱ አንድ እንዳልሆኑ ተረዳ።

ወጣት፦ ከብር ጋር ሲተያይ ግን ወጥቷል። መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪውን ዋጋ ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ፣ ከ60 ብር በታች የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ከ100 ብር አልፏል፤ ዩዋንም አብሮት ወጥቷል።

አረጋዊ፦ ያ የብር መድከም እንጂ የዩዋን መበርታት አይደለም። ደግሞም አያቶቻችን የያዙትን የማርያ ቴሬዛን ጠገራ አስብ። ኦስትሪያዊቱ ንግሥት ካረፈች በኋላ እንኳ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1780 የሚለው ዓመት እየተጻፈበት ሲታተም የኖረ፣ ከቀይ ባሕር ወደቦች እስከ ጎጃም ገበያዎች የታወቀ ገንዘብ ነበር። ያስከበረው በ28 ግራም ክብደቱ ውስጥ ያለው የብር ማዕድን ነበርና፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ብዙ መንግሥታት ወርቅን የገንዘባቸው መሠረት ሲያደርጉ ማዕድኑ ረከሰ፤ ጠገራውም አብሮ ረከሰ። በኋላም ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲቆም፣ ጠገራ ቀብሮ ላቆየው ሰው የማዕድኑ ዋጋ ቀረለት። ዩዋን ግን ወረቀት ነው፤ ዋጋው በባለቤቱ መንግሥት ፈቃድና ቃል ላይ የተመሠረተ ነው፤ ያም መንግሥት የገንዘቡን መግቢያና መውጫ በብርቱ ይቈጣጠራል።

ወጣት፦ ታዲያ ዩዋን ለማንም አይረባም ማለት ነው?

አረጋዊ፦ ለሚከፍልበት ይረባል። ከቻይና ወፍጮ ወይም ፓምፕ የሚያስመጣ ነጋዴ፣ ዕዳው በዩዋን ስለ ሆነ በባንክ በኩል በሕጉ መሠረት ቢይዘው ጥበብ ነው። የአንተ ግብር፣ ቀለብና የልጆች ልብስ ግን በብር ነው። ያውም ከባንክና ፈቃድ ካለው ምንዛሪ ቤት ውጭ የውጭ ገንዘብ መግዛት በሕግ የተከለከለ በመሆኑ፣ በሥውር የሚገዛ ሰው ሲገዛም ሲሸጥም ይቀነስበታል፤ ሐሰተኛ ወረቀት ቢሰጡትም አቤት የሚልበት ዳኛ የለውም።

ወጣት፦ ብሩ ሲደክም እጄን አጣጥፌ ልመልከት?

አረጋዊ፦ አላልሁም። የምንዛሪ መወደድ አንተን ከሁሉ በፊት የሚያገኝህ በማዳበሪያ ዋጋ ነው፤ ማዳበሪያ ከባሕር ማዶ የሚገዛ ነውና። ስለዚህ ከኅብረት ሥራ ማኅበርህ ሲመጣ ቀድመህ ውሰድ፣ ከእርጥበትም ጠብቀው። በቆሎህንም በመከር ወራት ለነጋዴው በርካሽ ከምትጥለው፣ ጎተራህን ከነቀዝ ጠብቀህ እህል እስከሚወደድበት እስከ ክረምት አቆየው። የቀረውን ጊደር ግዛበት። እነዚህ ብር ሲደክም ዋጋቸው የሚጨምር፣ አንተም ጠባያቸውን የምታውቀው ንብረት ናቸው።

ስለ ማናቸውም ባዕድ ገንዘብ ስትሰማ ሦስት ነገር ጠይቅ፤ በእርሱ የምከፍለው ዕዳ አለኝ ወይ? ስፈልግ በሕግ መልሶ ከእኔ የሚገዛው ማን ነው? ዋጋውን የሚወስነው መንግሥት ነገ ሐሳቡን ቢለውጥ ኪሳራውን መሸከም እችላለሁ ወይ? ለሦስቱም የታመነ መልስ ካጣህ፣ የዓለም ነገሥታት ሁሉ ቢያከብሩት እንኳ አንተ አትግዛው።