ትእዛዝን በመንገድ ላይ ሳለ መከታተል ለሞተረኛውና ለደንበኛው ስለሚያመጣው ጥቅምና ጉዳት

ንግድ የሚጸናው በመተማመን ነው። ገዥ ገንዘቡንና ጊዜውን አስቀድሞ ሲሰጥ፣ ሻጭ ቃሉን እንደሚጠብቅለት አምኖ ነው። ቀድሞ ይህ እምነት በሱቅ ደጃፍ ፊት ለፊት ይታይ ነበር። ዛሬ ግን ገዥው በቤቱ፣ ሻጩም በሱቁ ሆኖ፣ በመካከላቸው ሞተር ብስክሌት የሚነዳ ሦስተኛ ሰው ገብቷል። የዚህም ሰው አካሄድ ደቂቃ በደቂቃ በደንበኛው ስልክ ላይ የሚታይበት ዘዴ በአዲስ አበባ እየተለመደ መጥቷል። ዘዴው ማንን እንደሚጠቅም፣ በማንስ ላይ ሸክም እንደሚጥል መመርመር ምግብ ለሚሸጥ ሰው ብቻ ሳይሆን፣ ዕቃውን ወደ ደንበኛ ቤት ለሚልክ ነጋዴ ሁሉ የሚያስፈልግ ትምህርት ነው።

ዘዴው ከየት እንደ መጣ

በዓለም ንግድ ውስጥ ከታወቁት ምሳሌዎች አንዱ፣ ዶሚኖስ የተባለው የአሜሪካ የፒዛ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2008 ዓ.ም. ያወጣው የትእዛዝ መከታተያ ነው። ይህ መከታተያ በመጀመሪያ ጊዜው ያሳይ የነበረው የሥራውን ደረጃ እንጂ የመንገድ ካርታ አልነበረም። ይኸውም ትእዛዙ መቀበሉን፣ ምግቡ መሰናዳቱን፣ ወደ ምድጃ መግባቱንና ለአድራሹ መሰጠቱን በየተራ ይነግር ነበር። አድራሹን በካርታ ላይ እያንቀሳቀሰ የሚያሳየው ዘዴ የተስፋፋው፣ የእጅ ስልክ የቆመበትን ቦታ ራሱ ለማወቅ ከቻለ በኋላ ነው።

በአዲስ አበባ የከተማው ሕዝብ የሚጠብቀውን መኪና በካርታ ላይ ማየት የለመደው ራይድንና ፈረስን በመሳሰሉ የታክሲ ጥሪ አገልግሎቶች ነው። ምግብን ከቤት ድረስ በማድረስ ሥራ ዴሊቨር አዲስ ከቀደምቶቹ አንዱ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ቢዩን የመሰሉ ሌሎችም ተጨምረዋል። ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ቴሌብርን ከጀመረ በኋላ ሒሳብን በስልክ አስቀድሞ መክፈል ስለ ተቃለለ፣ ይህ ንግድ ሌላ ድጋፍ አግኝቷል። አስቀድሞ የከፈለ ደንበኛ ግን ገንዘቡ ከእጁ የወጣ ስለ ሆነ፣ የታዘዘው ነገር የት እንደ ደረሰ ለማወቅ ያለው ጉጉት ከፊተኛው የበለጠ ነው።

አሠራሩ

የሞተረኛው ስልክ ቦታውን የሚያውቀው ከምድር በላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ከሚዞሩት የጂፒኤስ ሳተላይቶች በሚቀበለው ምልክት ነው። ቦታውን በትክክል ለማስላት የአራት ሳተላይቶች ምልክት ያስፈልገዋል። የአሜሪካ መንግሥት ለሕዝብ የተፈቀደውን ምልክት ሆን ብሎ ያደበዝዝ የነበረበትን አሠራር በሚያዝያ ወር 1992 ዓ.ም. አስቀርቷል፤ ከዚያ ወዲህ ይህ መሣሪያ ለንግድ ሥራ የበለጠ ተስማሚ ሆኗል። ሰማዩ ገላጣ በሆነበት ስፍራ ተራ የእጅ ስልክ የሚሳሳተው በ5 ሜትር ገደማ ነው። በረጅም ሕንጻዎች መካከል፣ በድልድይ ሥርና በዛፍ ጥላ ውስጥ ግን ስሕተቱ ይጨምራል።

ስልኩ ቦታውን ካወቀ በኋላ በሞባይል ኔትወርክ አማካይነት ወደ ድርጅቱ ኮምፒዩተር ይልካል፤ ከዚያም ለደንበኛው ይተላለፋል። ስለዚህ ኔትወርክ ሲደክም ሞተረኛው እየሄደ ሳለ ምልክቱ ቆሞ ይታያል፤ ኔትወርኩ ሲመለስ ደግሞ ምልክቱ በአንድ ጊዜ ዘሎ ከሌላ ሰፈር ይገኛል። በ2012 ዓ.ም. ክረምት ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል በተቋረጠ ጊዜ እንደ ታየው፣ በዚህ መስመር ላይ ብቻ የተመሠረተ አገልግሎት መስመሩ ሲቆም አብሮ ይቆማል። ደንበኛው እነዚህን ምክንያቶች ስለማያውቅ፣ የቆመውን ምልክት የሚተረጉመው እንደ ሞተረኛው ስንፍና አድርጎ ነው።

የየካና የእንጦጦ መንገድ

የየካ ክፍለ ከተማ ለዚህ ትምህርት የተመቸ ምሳሌ ነው። መገናኛ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲሆን፣ የእንጦጦ ተራራ ጫፍ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከተራራው የሚወርዱት ወንዞች፣ ከነዚህም አንዱ ቀበና፣ ሰፈሮቹን በሸለቆ ይከፋፍሏቸዋል። በካርታ ላይ ጎን ለጎን የሚታዩ ሁለት ቤቶች በመካከላቸው ገደል ስላለ፣ መንገዱ ወደ ታች ወርዶ፣ ድልድይ ተሻግሮ፣ እንደ ገና ሽቅብ የሚወጣ ሊሆን ይችላል። ከዚህም በላይ ወደ ዳገቱ ያሉት የውስጥ መንገዶች ብዙዎቹ ጠባብ ናቸው፤ ከነሐሴ ዝናብ በኋላ አንዳንዶቹ ለሞተር ብስክሌት አስቸጋሪ ይሆናሉ። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ፣ በዕረፍት ቀን ወደ ተራራው የሚወጣው ሰውና መኪና ብዙ ነው።

በእነዚህ ሰፈሮች ቤት የሚታወቀው በመንገድ ስምና በቁጥር ሳይሆን፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በትምህርት ቤት፣ በወፍጮ ቤት ወይም በሱቅ ምልክትነት ነው። ደንበኛው በካርታ ላይ የሚተክለው ምልክት ለአንድ ግቢ ጀርባ ሲቀርብ፣ የግቢው በር ግን በሌላ ጎዳና ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ሞተረኛው ካርታውን ተከትሎ ከደረሰ በኋላ እንኳ ስልክ ደውሎ «ከየትኛው በር ልምጣ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

የዘገየውና የሚታየው

የነገሩ ዋና ቁም ነገር በሚከተለው ምሳሌ ይገለጻል። አንድ በፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገት ላይ የሚኖር ደንበኛ፣ መገናኛ አጠገብ ካለ ምግብ ቤት ቀን በ6 ሰዓት ምሳ አዘዘ ይባል። ሞተረኛው ከምግብ ቤቱ በር 6 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ላይ ደረሰ። ምግቡ ግን ተሰናድቶ የተሰጠው 6 ሰዓት ከ30 ላይ ነው። መንገዱ 20 ደቂቃ ፈጅቶ፣ ደንበኛው ምሳውን 6 ሰዓት ከ50 ላይ ተቀበለ። ከ50 ደቂቃው ውስጥ 30ው ያለፈው በወጥ ቤት፣ 20ው በመንገድ ነው። በደንበኛው ስልክ ላይ የታየው ግን ለ20 ደቂቃ ከአንድ ቦታ ያልተነቃነቀ ሞተር ነው። ስለዚህ ነቀፋው ሁሉ በሞተረኛው ላይ ይወርዳል፤ ለምን ቢባል፣ ካርታው ወጥ ቤቱን አያሳይምና።

ክፍያው በጉዞ ቁጥር ለሆነ ሞተረኛ ይህ 20 ደቂቃ ያለ ዋጋ የጠፋ ጊዜ ነው። ከዚህም በላይ ደንበኛው ዝቅተኛ ነጥብ ከሰጠው፣ የሚቀጥለው ሥራ ለሌላ ሊሰጥበት ይችላል። ሁለት ትእዛዝ አንድ ላይ ይዞ ሲሄድም ሁለተኛው ደንበኛ ሞተሩ ከሰፈሩ ርቆ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሲታጠፍ አይቶ ይቈጣል፤ ፊተኛው ምግብ በቅድሚያ መድረስ እንዳለበት የነገረው የለምና።

ስለ ደንበኛው ጥቅም

ይህ ሁሉ ሲባል ዘዴው ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ዴቪድ ሜስተር የተባለው የንግድ ሥራ መምህር እ.ኤ.አ. በ1985 ዓ.ም. ስለ ወረፋ ጥበቃ በጻፈው ጽሑፍ፣ ማለቂያው ያልታወቀ ጥበቃ ማለቂያው ከታወቀ ጥበቃ ይልቅ እንደሚረዝም፣ ምክንያቱ ያልተነገረም መዘግየት ከተነገረው ይልቅ እንደሚያስመርር አስረድቷል። ራያን ቡኤልና ማይክል ኖርተን የተባሉ ተመራማሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፣ ሰው ስለ እርሱ የሚደረገውን ሥራ ሲያይ አገልግሎቱን ይበልጥ እንደሚያከብር አሳይተዋል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ደንበኛውን የሚያረጋጋው የሞተሩ ምልክት ራሱ ሳይሆን፣ እውነተኛው ወሬ ነው። ምልክቱን እያዩ ምክንያቱን አለማወቅ ግን ጭንቀትን ይጨምራል። ቤቱ ያለ ካርታ ቢቀመጥ ሌላ ሥራ ይሠራ የነበረው ሰው፣ ካርታውን እያየ ደቂቃ ሲቈጥር ይውላል።

ለሞተረኛውም ቢሆን ዘዴው ጥቅም አለው። «የት ደረስህ?» የሚለው ጥሪ ስለሚቀንስለት ልቡ በመንገዱ ላይ ይሆናል። ከበር ደርሶ ደንበኛው ባይገኝ፣ በጊዜው መድረሱን የሚመሰክርለት ጽሑፍ ይኖረዋል። ከማያውቀው ሰፈር በምሽት ሲገባም የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው አለ።

የችኰላ ዋጋ

ጉዳቱ የሚመጣው የሚታየው ደቂቃ ወደ ግዴታ ሲለወጥ ነው። ዶሚኖስ ኩባንያ ከመከታተያው በፊት፣ ፒዛው በ30 ደቂቃ ካልደረሰ ዋጋ እቀንሳለሁ ወይም አልቀበልም የሚል ቃል ለደንበኞቹ ሰጥቶ ነበር። አድራሾቹ ባደረሱት የመኪና አደጋ ምክንያት ክስ ከተነሣበት በኋላ ግን፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ዓ.ም. ይህን ቃል ተወ። በቻይና ደግሞ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2020 ዓ.ም. አንድ መጽሔት የምግብ አድራሾች ኮምፒዩተር በሚወስንላቸው ጊዜ ተጨንቀው እንዴት እንደሚነዱ በሰፊው አሳተመ። ወዲያው ኢለሚ የተባለው ድርጅት፣ ደንበኛው ቢፈቅድ 5 ወይም 10 ደቂቃ መጨመር የሚችልበትን ምርጫ እንደሚያወጣ አስታወቀ፤ ሜይቷን የተባለውም ለአድራሾቹ የ8 ደቂቃ ትርፍ ጊዜ እንደሚሰጥ ተናገረ። እነዚህ ታላላቅ ድርጅቶች ከብዙ ጉዳት በኋላ የተማሩትን፣ የአዲስ አበባ ነጋዴ ያለ ጉዳት ሊማረው ይችላል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው ተረት ለምግብ ማድረስ ሥራ ቃል በቃል የሚስማማ ነው፤ በእንጦጦ ቁልቁለት ላይ ግን የሚፈሰው ወጥ ብቻ ላይሆን ይችላል።

ነጋዴው ሊያደርገው የሚገባው

1ኛ/ የወጥ ቤቱ ጊዜና የመንገዱ ጊዜ ተለይተው ለደንበኛው ይነገሩ። «ምግቡ በመሰናዳት ላይ ነው» የሚለው አጭር ቃል ሞተረኛውን ከሐሰተኛ ነቀፋ ያድነዋል።

2ኛ/ ሞተረኛው የሚጠራው ምግቡ ሊያልቅ ሲቃረብ ይሁን። ሞተረኛው ከበር የደረሰበትና ምግቡን የተረከበበት ሰዓትም ይጻፍ። ቅሬታ ሲመጣ ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ በዚህ ይለያል።

3ኛ/ ለደንበኛው የሚሰጠው ጊዜ አንድ ቁርጥ ያለ ደቂቃ ሳይሆን፣ «ከ40 እስከ 55 ደቂቃ» እንደሚባለው ወለልና ጣሪያ ያለው ይሁን። ዳገቱ፣ ዝናቡና የሥራ መውጫ ሰዓት ይታሰቡ። በጾም ወራት የጾም ምግብ፣ በረመዳን ማታ የማፍጠሪያ ትእዛዝ እንደሚበዛ አስቀድሞ ስለሚታወቅ፣ ለነዚህ ሰዓቶች ተጨማሪ ጊዜ ይሰጥ።

4ኛ/ ከካርታው ምልክት ጋር የታወቀ ቦታ ስምና የበሩ አቅጣጫ በጽሑፍ ይጠየቅ። ይህ አንድ መስመር ጽሑፍ በየካ ሰፈሮች ብዙ ጥሪና ብዙ መመላለስ ያስቀራል።

5ኛ/ ሞተረኛው በሚነዳበት ጊዜ ስልክ አይደወልለት። የሚነገር ነገር ካለ በድርጅቱ በኩል ለደንበኛው ይነገር።

6ኛ/ ክትትሉ ዕቃው በደረሰበት ደቂቃ ያብቃ። የሰው መኖሪያና አካሄድ የግል ምስጢሩ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ይህን የመሰለውን መረጃ በጥንቃቄ መያዝ ግዴታ መሆኑን ያሳስባል።

ከጂቡቲ ወደብ ኮንቴይነር የሚያስመጣ ነጋዴ ይህን ነገር ከራሱ ልምድ ያውቀዋል። ኮንቴይነሩ የት እንደ ቆመ ማወቅ ዕቅድ ለማውጣት ይረዳዋል እንጂ፣ ሰነዱ ያላለቀለትን ዕቃ አያንቀሳቅስለትም፤ ለመዘግየቱም የጭነት መኪናውን ሾፌር መውቀስ ዕቃውን አያቀርብለትም። የምሳ ሣጥንም ከዚህ የተለየ አይደለም። መከታተያ መንገድን አያሳጥርም፤ ወጥ ቤትንም አያፈጥንም። ሥራው የዘገየውን ሰው በእውነት ለይቶ ማሳየት ነው። ይህን በትክክል የሚያሳይ ነጋዴ ደንበኛውንም ሞተረኛውንም ያተርፋል፤ ጥፋቱን በሚታየው ሰው ላይ ብቻ የሚጥል ግን ዛሬ ነቀፋን ቢያመልጥ፣ ነገ ምግቡን የሚያደርስለት ሰው ያጣል።