የሞተር እሪታ በከንቱ አይቅር

በአዲስ አበባ፣ በአራዳ፣ ከፒያሳ አጠገብ እሪ በከንቱ የሚባል የቆየ ሰፈር አለ። በድሮ ጊዜ በዚያ ሰፈር ሌሊት ወንበዴ የያዘው ሰው እሪ ቢል የሚደርስለት አልነበረም ይባላል። እሪታው በከንቱ ይቀር ነበር። ስሙም ከዚያ ወጣ ይላሉ።

አካባቢው ዳገትና ቁልቁለት ነው። መኪና ወደ አገራችን የመጣው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ስንትና ስንት መኪና የአራዳን ዳገት ወጥቷል! ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀቡት ታክሲዎችም ሰው ጭነው፣ እያቃሰቱ ሲወጡ ሲወርዱ ኖረዋል። እስቲ እኛም በሐሳባችን ከዳገቱ ሥር ቆመን የመኪና ድምፅ እናዳምጥ።

ሞተር ለምን ዳገት ላይ ይጮኻል?

በሬ ተኝቶ ሲያመሰኳ ጤነኛ ይመስላል። ድካሙ የሚታወቀው ቀንበር ሲጫንበት ነው። ሞተርም እንዲሁ ነው። ሾፌሩ ነዳጅ ሲሰጥ በሞተሩ ውስጥ የሚነደው ነዳጅ ይበዛል። ቃጠሎውም ፒስተኑን በኃይል ይገፋዋል። የላላው፣ ያለቀው፣ የተሰነጠቀው ሁሉ ያን ጊዜ ይጮኻል። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ናት። በከፍታ ቦታ አየሩ ስስ ነው። ነዳጅ ያለ አየር አይነድም። ስለዚህ የሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል፤ ሾፌሩም አብዝቶ ይረግጣል።

አራት ድምፆችን እንለይ

አንደኛ፣ ስል ጩኸት። ነዳጅ ሲሰጥ ከኮፈኑ ሥር እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ ከተሰማ፣ ብዙውን ጊዜ ቺንጋ የሚባለው የጎማ ቀበቶ ላልቷል ወይም አልቋል። በብዙ መኪና ውስጥ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ውሃ የሚያዘዋውረው ይኸው ቀበቶ ነው። ከተበጠሰ ሞተሩ ይግላል።

ሁለተኛ፣ ቱፍ ቱፍ የሚል ድምፅ። ይህ ጭስ በማርሜታው መጨረሻ መውጣት ሲገባው በመንገዱ ላይ ሲያመልጥ ይሰማል። ጭሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ አለበት። መርዙ ቀለምም ሽታም የለውም። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፤ በኋላም ይገድላል። እንዲህ ያለ መኪና መስኮቱ ተዘግቶ አይነዳም። ሞተሩ እየሠራም ውስጡ አይተኛም።

ሦስተኛ፣ የጠጠር ድምፅ። ቤንዚን የሚጠቀም መኪና ዳገት ሲወጣ፣ ጠጠር በጣሳ ውስጥ እንደሚንኳኳ ያለ ድምፅ ያሰማ ይሆናል። ይህ ነዳጁ ያለ ሥርዓቱ ሲነድ የሚመጣ ነው። ሞተሩ ግሎ፣ ቤንዚኑ ጥራት አጥቶ ወይም ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ ቀድሞ ሊሆን ይችላል። ሾፌሩ ቶሎ ወደ ዝቅተኛ ማርሽ መቀየርና ነዳጁን መቀነስ አለበት። ከዚያም መካኒክ ይየው።

አራተኛ፣ ከታች የሚመጣ ከባድ ኳ ኳ ኳ። ከሁሉም የሚያስፈራው ይህ ነው። ፒስተኑን ከሚሽከረከረው ዘንግ ጋር የሚያያይዘው የብረት ክንድ ማረፊያው ሲያልቅ እንዲህ ይንኳኳል። ብረትና ብረት እንዳይፋጁ የሚያደርገው ዘይት ነው። ዘይት ሲያንስ ማረፊያው ይበላል። ክንዱ ከተሰበረ ሞተሩን በስቶ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ዳር ይዞ መቆም፣ ሞተር ማጥፋት፣ ጥቂት ቆይቶ ዘይቱን መለካት ነው። ዘይቱ ቢሞላም ኳኳታው ካልጠፋ መኪናው ተጎትቶ ጋራዥ ይግባ።

ድምፁ ከየት ነው?

መኪናውን ሜዳ ላይ አቁመን፣ የእጅ ፍሬን ይዘን፣ ማርሹን ፎሌ እናድርግ። ቀስ ብለን ነዳጅ እንስጥ። ድምፁ ከመጣ ከሞተሩ ወይም ከማርሜታው በኩል ነው። ቆሞ ዝም ብሎ ሲሄድ ብቻ ከጮኸ፣ ካምቢዮው ወይም ጎማው ይመርመር። የጠጠሩ ድምፅ ግን ሸክም ስለሚፈልግ፣ ቆሞ ባይሰማም ጠፋ ማለት አይደለም።

ታዲያ ይህ ለእኛ ምናችን ነው?

ትላላችሁ፦ «እኛ ገበሬዎች ነን፤ መኪና የለንም።» ወፍጮ ግን አለ። የውሃ መሳቢያ ሞተር አለ። በገበያ ቀን የምንሳፈርበት መኪናም አለ። የናፍጣ ሞተር ደህና ሆኖም ሳለ መንኳኳቱ አይቀርም። እኛ ማዳመጥ ያለብን የለመድነው ድምፅ መለወጡን ነው። የወፍጮው ጭስ በቧንቧ ወደ ውጭ ይውጣ፤ የወፍጮ ቤቱም መስኮት ይከፈት። ተሳፋሪም ቢሆን ጆሮ አለው። «ወንድሜ፣ የሞተሩ ድምፅ ተለውጧል እኮ፤ እስቲ አቁምና እየው» ማለት ነውር አይደለም።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ሞተር እሪ ሲል እንድረስለት። እሪታው በከንቱ ከቀረ፣ የሚጠፋው ብረት ብቻ አይደለም፤ የሰው ሕይወትም ነው።

ጥያቄዎች
1. የሞተር ሕመም ዳገት ላይ የሚታወቀው ለምንድን ነው?
2. ከአራቱ ድምፆች ወዲያውኑ ሞተር የሚያስጠፋው የትኛው ነው? ለምን?
3. በቀበሌያችሁ ያለው የወፍጮ ጭስ በየት ይወጣል? ሄዳችሁ አይታችሁ ተወያዩበት።