የታገደው ፖርት፦ ስዊቾች ሥራ የሚከፋፈሉት እንዴት ነው?

ለንደን ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የተግባር ልምምድ ላይ ሳለሁ፣ አንድ ሌሊት የዋርዱ ኮምፒውተሮች በሙሉ ቀጥ አሉ። የመድኃኒት መዝገቡ ያለው ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ ለማን ምን እንደተሰጠ ማየት አልቻልንም። ተረኛዋ ሲስተር ከመሳቢያ ወረቀት አውጥታ እስክሪብቶ ሰጠችኝ። የብልሽቱን ምክንያት አልሰማሁም። ኔትወርክ የሚማረው ወንድሜ ግን ታሪኩን ስነግረው «ስፓኒንግ ትሪ ታውቂያለሽ?» አለኝ። አላውቅም ነበር። እሱ ያስረዳኝን፣ እኔ እንደገባኝ ላካፍላችሁ።

ስዊቾችን በአንድ ገመድ ብቻ ብናገናኛቸው፣ ገመዱ ሲበጠስ ሁሉም ነገር ይቆማል። ስለዚህ መጠባበቂያ ገመድ ይጨመራል። መጠባበቂያው ግን ዙር ይፈጥራል። የኢተርኔት መልእክት ስንት ስዊች እንዳለፈ የሚቆጥርበት ነገር የለውም፤ ስለዚህ ለሁሉም የተላከ መልእክት ዙሩን እየተሽከረከረና እየተባዛ መስመሩን ያንቀዋል። ለዚህ መፍትሔ ያበጀችው ራዲያ ፐርልማን ናት፣ እ.ኤ.አ. በ1985። ዘዴዋ ገመዱን ሳይነቅል ዙሩን ይቆርጣል።

ሦስት ስዊቾች በሦስት ማዕዘን ተያይዘዋል እንበል፤ አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳርና ጎንደር እንበላቸው። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር፣ ከባሕር ዳር ጎንደር ያሉት መስመሮች 1 ጊጋቢት ናቸው፤ የእያንዳንዳቸው ዋጋ 4 ነው። ከአዲስ አበባ በቀጥታ ጎንደር የሚሄደው 100 ሜጋቢት ነው፤ ዋጋው 19።

1. ሥር መምረጥ። እያንዳንዱ ስዊች መለያ አለው፦ የቅድሚያ ቁጥር (ካልተቀየረ 32768) እና የማክ አድራሻ። ትንሹ መለያ ያለው ሥር ይሆናል። አዲስ አበባ ተመረጠች እንበል።

2. የሥር ፖርት። ሥር ያልሆነ ስዊች ሁሉ ወደ ሥሩ በትንሹ ዋጋ የሚያደርሰውን አንድ ፖርት ይመርጣል። ባሕር ዳር ቀጥታውን ትይዛለች፣ 4። ጎንደር በቀጥታ 19፣ በባሕር ዳር በኩል ግን 4+4=8 ነው። ስለዚህ የጎንደር የሥር ፖርት ወደ ባሕር ዳር የዞረው ነው።

3. የተሰየመ ፖርት። በእያንዳንዱ መስመር ላይ ለሥሩ በዋጋ የሚቀርበው ወገን ይሰየማል። የአዲስ አበባ ሁለቱም ፖርቶች የተሰየሙ ናቸው፤ ባሕር ዳርም (4) በጎንደር (8) ፊት ትሰየማለች። ዋጋ እኩል ሲሆን ትንሹ መለያ ያሸንፋል።

የቀረው አንድ ፖርት ነው፦ ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ የዞረው። እሱ ይታገዳል። አጭሩ መንገድ መታገዱ መጀመሪያ ግር ብሎኝ ነበር፤ ሚዛኑ ግን የመንገዱ ርዝመት ሳይሆን ዋጋው ነው። የታገደውም ፖርት አልሞተም። ሥሩ በየ2 ሴኮንዱ የሚልከውን መልእክት እየሰማ፣ እንደ ተጠባባቂ ነርስ ይጠብቃል።

ይህ ሥርዓት ሲናጋ ምን እንደሚሆን በቦስተን ታይቷል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2002 የቤዝ እስራኤል ዲከነስ ሆስፒታል ኔትወርክ ወድቆ፣ ሠራተኞቹ ለቀናት በወረቀት ሠርተዋል። ኔትወርኩ በየጊዜው እየተቀጠለ አድጎ፣ ስፓኒንግ ትሪ ሊሸከም ከሚችለው ከ7 ስዊች ርቀት በላይ ሄዶ ነበር። የሆስፒታሉ የኢንፎርሜሽን ኃላፊ ጆን ሃላምካ ስህተቱን ሳይደብቁ ለሌሎች ሆስፒታሎች አካፍለዋል።

እስቲ እናንተ ሞክሩት፦ የአዲስ አበባና የባሕር ዳር መስመር ቢበጠስስ? ጎንደር የታገደውን ትከፍትና እሱ የሥር ፖርቷ ይሆናል፣ ዋጋውም 19። ባሕር ዳር በጎንደር በኩል ትዞራለች፣ 23። በቀድሞው ስፓኒንግ ትሪ ይህ ለውጥ እስከ 50 ሴኮንድ ይፈጃል፤ በአዲሱ ፈጣን ዓይነት ግን ጥቂት ሴኮንድ ቢሆን ነው። ዋርድ ውስጥ ቆሞ ለሚጠብቅ ሰው 50 ሴኮንድ ረጅም ነው። ከዚያ ሌሊት ወዲህ የወረቀቱ መሳቢያ የት እንዳለ ሳላረጋግጥ ሥራ አልጀምርም።