ከሕፃናት ጋር ወደ ወንዝ ዳር ለመሄድ ምን ማሰናዳት ያስፈልጋል?

የትምህርት ጉዞ ማለት በመጽሐፍ የተነበበውን ነገር በዓይን አይቶ ማረጋገጥ ማለት ነው። ስለ ወንዝ በክፍል ውስጥ ብዙ ተምረናል፤ ምንጩን፣ ገባሩንና መውረጃውን በካርታ ላይ በጣታችን ተከትለናል። ነገር ግን በሱሉልታ የሚኖር ተማሪ ወራጅ ውኃ ለማየት ካርታ አያስፈልገውም፤ ከደጁ ወጥቶ ጥቂት ቢራመድ ያገኘዋል። በዚህ ዓመት የጂኦግራፊ ክበባችን 40 የ3ኛና የ4ኛ ክፍል ሕፃናትን ይዞ በከተማችን አጠገብ ወደሚወርደው ጅረት እንዲሄድ በታሰበ ጊዜ፣ ዕቅዱን ካወጡት ተማሪዎች አንዱ እኔ ነበርሁ። በዚያ ሥራ ያገኘሁትን ትምህርት ለጓደኞቼ፣ ለመምህራንና ለወላጆች ከዚህ በታች አቀርባለሁ።

ስለ ምን ወደ ውኃ እንሄዳለን?

ዕቅዱ ለወላጆች በተገለጠበት ቀን አንዲት እናት ተነሥተው፣ «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል አልሰማችሁም? ሕፃንን ከውኃ ማራቅ ነው እንጂ ወደ ውኃ መምራት ምን የሚሉት ትምህርት ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጠው በ2021 እ.ኤ.አ. ብቻ በዓለም ላይ 300,000 ያህል ሰዎች በውኃ ሰጥመው ሞተዋል፤ ከእነዚህም ከአራቱ አንዱ ያህል ዕድሜው ከ5 ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ነው። ነገሩ የከበደ ስለ ሆነ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ ሐምሌ 18 ቀን በየዓመቱ የመስጠም አደጋ መከላከያ ቀን ሆኖ እንዲታሰብ አድርጓል።

ሆኖም ለእናቲቱ ጥያቄ መልስ የሰጡት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። መምህራችን፣ «ከእናንተ መካከል ወደ ጅረቱ ወርዶ የሚያውቅ እጁን ያንሣ» ባሉ ጊዜ እጁን ያላነሣ ጥቂት ነበር። አንዱ ጥጃ ሊያጠጣ፣ አንዷ ልብስ ልታጥብ፣ ሌላውም ሊንቦጫረቅ ወርዷል። «ከማን ጋር?» ሲባሉ ብዙዎቹ «ብቻችንን» አሉ። እንግዲህ ጥያቄው ሕፃናት ወደ ውኃ ይሂዱ ወይስ አይሂዱ የሚለው አይደለም፤ ሄደዋልና። ጥያቄው የውኃን ጠባይ ከሚያስተምራቸው ሰው ጋር ያውቁታል ወይስ ብቻቸውን ያገኙታል የሚለው ነው። እናቲቱ ይህን ከሰሙ በኋላ ልጃቸው እንዲሄድ ፈቀዱ፤ ነገር ግን፣ «ቈጥራችሁ እንደ ወሰዳችሁ ቈጥራችሁ መልሱልኝ» አሉን። ይህች ቃል ለዕቅዳችን ሁሉ መሠረት ሆነች።

የሱሉልታ ውኃ ከየት መጥቶ ወዴት ይሄዳል?

ሱሉልታ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን፣ ከእንጦጦ ተራራ ጀርባ፣ ወደ ጎጃም በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያላት የደጋ ከተማ ናት። እንጦጦ ለውኃ እንደ ቤት ክዳን ነው። በደቡብ ጎኑ የወረደው ዝናብ በአዲስ አበባ ወንዞች አድርጎ ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይገባና ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር በአቤ ሐይቅ ይቀራል። በሰሜን ጎኑ የወረደው ግን በሱሉልታ ሜዳ አልፎ ወደ ሙገር፣ ከሙገር ወደ ዓባይ ገብቶ እስከ ሜዲቴራኒያን ባሕር ይዘልቃል።

ይህን ማወቅ ለፈተና ብቻ የሚጠቅም አይደለም። ዳር ቆመን የምናየው ውኃ ከላያችን ካለው አገር የመጣ ስለ ሆነ፣ እኛ ባለንበት ፀሐይ እያበራ ከተራራው ላይ ዝናብ ሊጥል ይችላል። ስለዚህ ወንዝ ዳር የቆመ ሰው መመልከት የሚገባው ከእግሩ ሥር ያለውን ውኃ ብቻ ሳይሆን ውኃው የመጣበትንም ሰማይ ነው።

የሜዳው አፈር ደግሞ ዋልካ ነው። ዋልካ በክረምት ውኃ ይቋጥርና ሜዳውን ረግረግ ያደርገዋል፤ በበጋ ይደርቅና ይሰነጠቃል። በጅረቱ ዳር ያለውን አፈር ውኃው ከሥሩ እየቦረቦረ ይወስደዋል፤ ከላይ ሣር ለብሶ ጠንካራ መስሎ ቢታይም ሲረግጡት ይናዳል። ሕፃን ወደ ውኃ የሚወድቀው ሲዋኝ ብቻ አይደለም፤ ዳር ቆሞ ሲያይም ነው።

ጊዜን ስለ መምረጥ

በክበባችን ውስጥ ብዙ ያከራከረው ነገር ወሩ ነበር። ግማሾቻችን፣ «በመስከረም እንሂድ፤ ሜዳው በአደይ አበባ ያጌጠ፣ ጅረቱም የሞላ ይሆናል» አልን። ሌሎቹ፣ «የሞላ ስለ ሆነ ነው መሄድ የማይገባን» አሉ። ክርክሩን የቈረጠው አንድ መምህር የነገሩን የድሬዳዋ ታሪክ ነው።

በድሬዳዋ ከተማ መካከል የሚያልፈው ደቻቱ ብዙውን ጊዜ ውኃ የሌለበት ደረቅ አሸዋ ነው። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ ወር መጨረሻ ግን ከከተማው በላይ ባለው ደጋ የጣለው ዝናብ በሌሊት ድንገተኛ ጎርፍ ሆኖ ሰው በተኛበት ደረሰ፤ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችም ሞቱ፤ በሺህ የሚቈጠር ሕዝብም ቤቱን አጣ። የሱሉልታ ጅረት እንደ ደቻቱ አይደለም፤ የውኃ ሕግ ግን በሁሉም ዘንድ አንድ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 1,000 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ የውኃው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ለአዋቂ ሰው እስከ ጉልበቱ የሚደርስ ውኃ ለ3ኛ ክፍል ልጅ ጭኑ ጋ መድረሱንም ማሰብ ያስፈልጋል። ስለዚህ ጉዞው ክረምቱ ከወጣ፣ ሜዳውም ከደረቀ በኋላ በኅዳር ወር እንዲሆን ተስማማን።

አስቀድሞ ሄዶ ስለ ማየት

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ሕፃናቱ ከመሄዳቸው ከአንድ ሳምንት በፊት ሁለት መምህራንና አራት ተማሪዎች ሆነን መንገዱን በእግራችን ሄደን አየን። የተመለከትነውም የሚከተለው ነው።

1ኛ፤ መንገዱ። ከጅረቱ በፊት ያለው አደጋ አውራ ጎዳናው ነው፤ ከባድ የጭነት መኪናዎች ይመላለሱበታል። ስለዚህ 40ው ልጆች በአንድ ቦታ፣ በአንድ ጊዜ፣ በሁለት መምህራን መካከል እንዲሻገሩ ተወሰነ።

2ኛ፤ የአገሩ ሰዎች። ሜዳው ባለቤት አለው፤ ከብት ይግጥበታል፣ ድርቆሽም ይታጨድበታል። ባለ መሬቶቹን ፈቃድ ጠየቅን፤ ስለ ውኃውም ነገሩን። አንድ ሽማግሌ ክረምት ሲሞላ ውኃው እስከየት እንደሚደርስ በዱላቸው አሳዩን፤ እኛ ከቆምንበት ብዙ እርምጃ ወደ ላይ ነበር። መሻገሪያውንም አመለከቱን። በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ መልካ ይባላል፤ እንደ መልካ ቁንጥሬ ያሉ የቦታ ስሞች አባቶቻችን ወንዙን የት ይሻገሩ እንደ ነበር የሚያስታውሱ ናቸው።

3ኛ፤ ዳርቻው። የተናደውን፣ ገደል የሆነውንና ጥልቅ ኩሬ ያለበትን ስፍራ በካርታ ላይ ቀይ ቀለም ቀባንበት። ድንጋይ ወይም አሸዋ የወጣበት ጉድጓድ ውኃ ሲሞላ ዳሩ ድንገት ስለሚጠልቅ ከሁሉ ይልቅ እንዲህ ያለውን ቦታ መራቅ ያሻል።

4ኛ፤ መመለሻው። ውኃ ቢመጣ ወዴት ከፍ ወዳለ ቦታ እንደምንወጣ፣ ሰው ቢጎዳ መኪና እስከየት እንደሚደርስ፣ ስልክ የት እንደሚሠራ አረጋገጥን። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የአምቡላንስ ጥሪ 907 መሆኑን እያንዳንዱ መሪ በቃሉ እንዲያጠና ተደረገ።

ስለ ቈጠራና ስለ ጥበቃ

40ው ልጆች በአምስት በአምስት ተከፍለው 8 ጓድ ሆኑ። ለእያንዳንዱ ጓድ ከከፍተኛ ክፍል አንድ መሪ ተመደበ፤ አራት መምህራንም ሁሉን ይቆጣጠሩ ነበር። መሪው አምስቱን በስም እንጂ በራስ ቍጥር አይቈጥርም፤ በቍጥር ብቻ የሄደ እንደ ሆነ የሌላ ጓድ ልጅ ገብቶበት የራሱ ልጅ ሊጠፋበት ይችላልና። ቈጠራውም ከትምህርት ቤት ስንወጣ፣ አስፋልቱን ስንሻገር፣ ጅረቱ ዳር ስንደርስ፣ በየሩብ ሰዓቱ፣ ስንነሣና ስንመለስ ይደረጋል።

ብዙ ሰው የሚሰጥም ሰው ይጮኻል ብሎ ያስባል። ይህ ስሕተት ነው። የሚሰጥም ሕፃን አፉ ውኃ ውስጥ ስለሚገባ ለመጮኽ ትንፋሽ አያገኝም፤ ድምፅ ሳያሰማ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሊሰጥም ይችላል። ስለዚህ ጠባቂ በጆሮው ሳይሆን በዓይኑ ይጠብቃል፤ በዚያ ሰዓት ፎቶግራፍ አያነሣም፣ ስልክም አይመለከትም።

ከውኃው ዳር አምስት እርምጃ ርቀን ገመድ ዘረጋን፤ ያለ መሪ ፈቃድ ከገመዱ ማለፍ ክልክል ሆነ። ከያዝናቸውም ዕቃዎች አንዱ ክዳኑ በደንብ የተገጠመ ባዶ ጀሪካን ረጅም ገመድ ታስሮበት ነበር። ባዶ ጀሪካን ስለሚንሳፈፍ ለወደቀ ሰው ሊወረወርለት ይችላል። ለሕፃናቱም እንዲህ ብለን አስተማርናቸው፤ ጓደኛህ ውኃ ውስጥ ቢወድቅ ተከትለህ አትግባ፤ ጩኸህ ሰው ጥራ፤ ዱላ ወይም ነጠላ ዘርጋለት፤ የሚንሳፈፍ ነገር ወርውርለት። ተከትሎ የገባ ሕፃን አንዱን ሐዘን ሁለት ያደርገዋል።

ከዳር ሆኖ ስለ መማር

ብዙ ትምህርት ውኃው ውስጥ ሳይገቡ ይገኛል። ልጆቹ በዳርቻው 10 ሜትር ለክተው፣ መሪያቸው ቀላል እንጨት ወደ ውኃው ጥሎላቸው፣ ስንት ሴኮንድ እንደ ፈጀ ቈጠሩ። 20 ሴኮንድ ከፈጀ ፍጥነቱ በሴኮንድ ግማሽ ሜትር ነው ማለት ነው። በሱሉልታ ሜዳ ከሚታዩት ወፎችም በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚገኙ እንዳሉ፣ ክንፈ ሰማያዊው ዝይም አንዱ እንደ ሆነ ተማሩ።

የጅረቱን ውኃ መጠጣት ክልክል ነበር፤ ከብት ከሚጠጣበት ውኃ የሆድ በሽታም አልቅትም ይገኛልና። በዚህ አጋጣሚ መምህራችን ስለ ዶክተር አክሊሉ ለማ ነገሩን። እኒህ ሊቅ በ1964 እ.ኤ.አ. በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ እንዶድ የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድልም በምርምር አረጋገጡ። ወንዝ ዳር ቆሞ በጥንቃቄ መመልከት ምን ያህል ፍሬ እንደሚሰጥ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም።

ስለ መመለስ

ከዕቅዱ ሁሉ የሚበልጠው አንቀጽ ግን አጭር ነበር፤ ይኸውም «ተመለሱ የማለት ሥልጣን ያለው አንድ ሰው ነው፤ እርሱ ካለ ክርክር የለም» የሚል ነው። ይህ ሥልጣን አስቀድሞ ለአንድ መምህር ተሰጠ።

በጉዞው ዋዜማ ሌሊት፣ ኅዳርም ቢሆን፣ በእንጦጦ በኩል ነጎድጓድ ተሰምቶ ነበር። በማግሥቱ ስንደርስ ሰማዩ ጠርቷል፤ ውኃው ግን ደፍርሶ ጭራሮ ይዞ ይወርዳል። በዕቅዳችን በመሻገሪያው ድንጋዮች ላይ እያለፍን ወደ ማዶ ልንሄድ ነበር። መምህሩ ውኃውን ጥቂት ተመልክተው፣ «ዛሬ ማዶ የለም» አሉ። ሕፃናቱ አዘኑ፤ አንዳንዶቻችንም አጕረመረምን። ትምህርቱን ከወዲህ ሆነን ፈጸምን፤ ጎርፍም ሳይመጣ ዋለ። አንዳንዱ፣ «እንግዲያማ ብንሻገር ኖሮ ምን ነበር?» ይል ይሆናል። ዕቅድ መልካም መሆኑ የሚታወቀው ግን አደጋው በመድረሱ አይደለም። የመምህሩ ውሳኔ የሚመዘነው በዚያች ሰዓት በሚያዩት ነገር ነው፤ በዚያች ሰዓት የታየው ደግሞ የደፈረሰ ውኃ ነበር። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ በትምህርት ቤቱ በር እያንዳንዱ መሪ አምስቱን በስም ጠርቶ ለወላጆቻቸው አስረከበ፤ 40 ወጥተው 40 ተመለሱ።

እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፣ ታናናሾቻችሁን ይዛችሁ ወደ ውኃ ስትወርዱ ወንዙን ከማየታችሁ በፊት ሰማዩን እዩ፤ ልጆቹንም በስማቸው ጥሩ። መምህራን ሆይ፣ ይህን የመሰለ ጉዞ በየዓመቱ እንዲደረግ አግዙን። ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁን ስትሰጡን እንደዚያች እናት፣ «ቈጥራችሁ መልሱልን» በሉን። እንዲህ ያለው አደራ ሥራችንን የሚያጠነክር እንጂ የሚያሳፍረን አይደለም።