የክንድ ደም ሥርና የኩላሊት እጥበት፦ ከፈሳሾች ፊዚክስ አንጻር

ኩላሊታቸው ሥራውን ያቆመ ሕሙማን ደማቸው በማሽን የሚጣራበት ሕክምና ዲያሊሲስ፣ በተለምዶ የኩላሊት እጥበት ይባላል። ስለ ማሽኑ ብዙ ተነግሯል። ለመሆኑ ደሙ ከሰውነት የሚወጣውና የሚመለሰው እንዴት ነው? በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን ከፊዚክስ አንጻር ለመመልከት እንሞክራለን።

በቅድሚያ አንድ ስሌት እንሥራ። ማሽኑ በደቂቃ 300 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ይፈልጋል። አንድ እጥበት አብዛኛውን ጊዜ 4 ሰዓት ስለሚፈጅ በማሽኑ ውስጥ 72 ሊትር ደም ያልፋል ማለት ነው። የአንድ አዋቂ ሰው ደም 5 ሊትር ገደማ በመሆኑ ያው ደም 14 ጊዜ ያህል ይመላለሳል። ይህም በተለምዶ በሳምንት 3 ጊዜ ይደገማል።

ይህን ያህል ደም ከየት ይቀዳል? ከቆዳ ሥር የሚታዩት ደም መልሶች ለመርፌ ምቹ ናቸው፤ ሆኖም ግፊታቸው ከ10 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ብዙም ስለማይበልጥ ፍሰታቸው አይበቃም። የደም ቅዳዎች አማካይ ግፊት 90 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ነው፤ ነገር ግን እነርሱን ደጋግሞ መውጋት ለመድማትና ለጉዳት ያጋልጣል።

መፍትሔውን እ.ኤ.አ. በ1966 ብሬሺያና ቺሚኖ የተባሉ የኒው ዮርክ ሐኪሞች ከባልደረቦቻቸው ጋር ይፋ አደረጉ። ቀዶ ሐኪሙ በእጅ አንጓ አካባቢ ደም ቅዳውን በአቅራቢያው ካለው ደም መልስ ጋር ሰፍቶ ያገናኛል። መገናኛው ፊስቱላ ይባላል። ቃሉን በአገራችን የምናውቀው ከወሊድ ጉዳት ጋር በተያያዘ ነው፤ ይህኛው ግን ሆን ተብሎ ለሕክምና የሚሠራ ነው።

ደም እንደ ወትሮው ከደም ቅዳ ወደ ደም መልስ የሚሻገረው እጅግ ቀጫጭን በሆኑ ሥሮች በኩል ሲሆን፣ ትልቁ የፍሰት ተቃውሞም ያለው በእነዚሁ ነው። ፊስቱላው ለደሙ አቋራጭ ይከፍትለታል። በአዲሱ ግፊትና ፍሰት ምክንያት የደም መልሱ ግድግዳ በሳምንታት ውስጥ ይወፍራል፤ ውስጡም ይሰፋል። በፕዋዜይ ሕግ መሠረት፣ ሌላው ሁሉ ሳይለወጥ የሥሩ ስፋት ከ2 ወደ 6 ሚሊ ሜትር ቢያድግ ፍሰቱ 3 × 3 × 3 × 3 ማለትም 81 እጥፍ ይሆናል። ሕያው ሥር እንደ ብረት ቧንቧ ግትር ስላልሆነ ይህ ግምት ብቻ ነው። ቢሆንም በሚገባ የዳበረ ፊስቱላ በደቂቃ 600 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ ያስተላልፋል።

ፈጣኑ ደም በመገናኛው ሲያልፍ ፍሰቱ ስለሚታወክ በጣት ሲዳሰስ ንዝረት ይሰማል። ይህ ንዝረት ያለ ምንም መሣሪያ የሚገኝ መለኪያ ነው። ሕመምተኛው በየቀኑ ሊዳስሰው ይገባል። ንዝረቱ ከቀረ ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል ሳያድሩ ወደ ሐኪም መሄድ ያሻል። ነቀምቴ ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከኡኬም ሆነ ከሌሎች የወለጋ ከተሞች ረጅም መንገድ ተጉዞ ለሚታከም ሰው የአንድ ቀን መዘግየት ፊስቱላውን ሊያሳጣው ይችላል።

በዚያ ክንድ የደም ግፊት መለካት፣ ለምርመራ ደም መቅዳት፣ ከባድ ሸክም ማንጠልጠልና ጠባብ ሰዓት ማሰር አይገባም። በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2008 ዓ.ም. ተጀምሯል፤ ይሁንና ንቅለ ተከላ ለሚጠብቅም ሆነ ለማያገኝ ሕመምተኛ ሕይወቱ የሚያልፈው በዚህች ስፌት በኩል ነው። በቤተሰባችን ወይም በጎረቤታችን እንዲህ ያለ ክንድ ካለ እንጠብቀው።