ጳጉሜን የሚያውቅ ሰዓት

ቡላኦስ ውስጥ የሚያድግ ኢትዮጵያዊ ልጅ በአንድ አቆጣጠር ብቻ አይኖርም። በመሥሪያ ቤትና በሱቅ ከጠዋቱ ስምንት ሰዓት ሲባል፣ እቤት እናቱ ሁለት ሰዓት ትለዋለች። የኪራይ ደረሰኙ በፈረንጆች ወር ይጻፋል፤ ጎረቤት ረመዳንን በሂጅራ ይጠብቃል፤ እኛ ደግሞ እንቁጣጣሽን በመስከረም እናከብራለን። የእጅ ስልካችን ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳየን አንዱን ብቻ ነው። የማይታይ ነገር ደግሞ ቀስ በቀስ ይረሳል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሰዓት ሠሪዎች አቆጣጠርን እንዴት በማርሽ እንደሚጽፉ እንመለከታለን። የራሳችንን አቆጣጠር በደንብ ለማወቅም ይረዳናል።

በቀላሉ እንጀምር። ጅቡቲና ኢትዮጵያ የሰዓት ልዩነት የላቸውም፤ ልዩነቱ መቁጠር ከሚጀመርበት ጊዜ ነው። ፈረንጆች ከእኩለ ሌሊት ሲጀምሩ እኛ ቀኑን ከማለዳ እንጀምራለን። ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው፤ 6 ደግሞ የ12 ግማሽ ነው። ስለዚህ አጭሩ ዘንግ የሚያመለክተውን ቁጥር ትታችሁ ትይዩውን ብታነቡ የኢትዮጵያን ሰዓት ታገኛላችሁ። ዘንጉ 8 ላይ ሲሆን ትይዩው 2 ነው፤ 10 ላይ ሲሆን ትይዩው 4 ነው። መደመርም መቀነስም አያስፈልግም።

ቀንና ወር የሚያሳይ ሰዓት መሥራት ግን ይከብዳል። ያለ ባትሪ የሚሠራ ሰዓት ኃይሉን የሚያገኘው ከተጠመጠመ ሞላ ነው። ኃይሉ በማርሾች አልፎ ወዲያና ወዲህ የምትወዛወዝ ትንሽ ጎማ ይደርሳል። በብዙ የዘመኑ ሰዓቶች ይህች ጎማ በሰከንድ 8፣ በሰዓት 28,800 ጊዜ ትመታለች። ደቂቃና ሰዓት እኩል ስለሚከፋፈሉ ለማርሽ ይመቻሉ። የፈረንጆች ወራት ግን አንዱ 31፣ አንዱ 30፣ ፌብሩዋሪ ደግሞ 28 ወይም 29 ቀን አላቸው። ቀን የሚያሳይ ተራ ሰዓት ሁሉንም ወር እስከ 31 ስለሚቆጥር ባለቤቱ በዓመት 5 ጊዜ በእጁ ያስተካክለዋል።

ይህን ድካም የሚያስቀር ሰዓት ዘላለማዊ ካሌንደር ይባላል። ምስጢሩ በ4 ዓመት አንድ ጊዜ የሚዞር፣ ዙሪያው በ48 ወራት የተከፈለ ጎማ ነው። ከ31 ቀን ላነሰ ለእያንዳንዱ ወር ጠርዙ ላይ ስርጉድ አለ። ትንሽ ዘንግ ስርጉዱ ውስጥ ገብታ ጥልቀቱን ትለካለች፤ በዚያ መጠን ቀኖች ይዘለላሉ። ስርጉዶቹን ቁጠሩ፦ ባለ 30 ቀን ወራት በ4 ዓመት 16 ናቸው፤ 4 ፌብሩዋሪ ሲጨመር 20 ይሆናሉ። እንዲህም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2100 ፌብሩዋሪ 29 ቀን ስለማይኖረው፣ ጎማው ይህን ሕግ አያውቅምና በእጅ መስተካከል ይኖርበታል።

የንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነበረው የፓቴክ ፊሊፕ ሰዓት፣ ቁጥሩ 2497፣ ከዚህ ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ጄኔቫ ውስጥ ክሪስቲስ ለጨረታ ካቀረበው በኋላ የባለቤትነት ጥያቄ ስለተነሣበት ከሽያጭ ወጣ። በ2017 እንደገና ቀርቦ ወደ 2.9 ሚሊዮን በሚጠጋ የስዊስ ፍራንክ ተሸጠ። ሰብሳቢዎች ይህን ያህል የከፈሉት ለወርቁ አይደለም። ሰዓቱ ብርቅ ነው፤ የማን እንደነበረም ይታወቃል። ያ ውድ ሰዓት ግን ፌብሩዋሪን እንጂ ጳጉሜን አያውቅም ነበር።

የእኛን አቆጣጠር በጎማ እንጻፈው ብንልስ? አሥራ ሁለቱ ወራት እኩል 30 ቀን አላቸው። ጳጉሜን 5 ቀን ነች፤ በ4 ዓመት አንድ ጊዜ፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ፣ 6 ትሆናለች። ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ እያልን የምንቆጥረው ዙር ሰዓት ሠሪው ከሚያዞረው የ4 ዓመት ጎማ ጋር አንድ ነው። ጎማችን 52 ወራት ይኖሩታል፤ ስርጉዱ ግን 4 ብቻ ነው! በየአራት ዓመቱ የምትመጣው ስድስተኛ ቀን ሳትቀር ስለምትመጣ፣ በክፍለ ዘመን መለወጫም ማስተካከል አያስፈልገውም። ችግሩ ሌላ ነው፦ ከጳጉሜን 5 ወደ መስከረም 1 ሲሻገር ቀን ቆጣሪው በአንድ ሌሊት 25 ቁጥር መዝለል አለበት። ይህ ብዙ ኃይል ይጠይቃል፤ ወይም ለጳጉሜን የራሷ መስኮት ያስፈልጋታል። የሰዓት ሠሪው ጥበብ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው።

እንዲህ ያለውን ፈተና ከሚወድዱት መካከል በትናንሽ ወርክሾፖች ለብቻቸው የሚሠሩ ነጻ ሰዓት ሠሪዎች አሉ። ስቬንድ አንደርሰንና ቪንሰንት ካላብሬዜ እ.ኤ.አ. በ1985 የእነዚህን ባለሙያዎች አካዳሚ መሠረቱ። አንደርሰን ቆይቶ የክፍለ ዘመኑን ሕግ ጭምር የሚያውቅ ሰዓት ሠራ። ያረጁ ሰዓቶችን በማደስ የታወቀው ሚሼል ፓርሚጃኒ ያቋቋመው ድርጅት ደግሞ የሂጅራን አቆጣጠር የሚያሳይ የእጅ ሰዓት አውጥቷል፤ ያ አቆጣጠር በ30 ዓመት ዙር ውስጥ 11 ረዣዥም ዓመታት አሉት። የጎረቤቶቻችን ረመዳን በማርሽ ከተጻፈ፣ እንቁጣጣሽም ይጻፋል። ለዚህ የሚያስፈልገው በመጀመሪያ አቆጣጠሩን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነው።

ወላጆች ሆይ፣ ከአባት ወይም ከአያት የተረፈ በእጅ የሚሞላ ሰዓት ካላችሁ፣ ቆሟል ብላችሁ አትጣሉት። ጀርባውን በቢላ አትክፈቱት፤ ከባሕሩ እርጥበትና ከጨው አርቁት። ማን፣ የትና መቼ እንደገዛው ጽፋችሁ አብራችሁ አስቀምጡ። ታሪኩ ያልተጻፈ ሰዓት ከአንድ ትውልድ በኋላ የማን እንደነበረ አይታወቅም።

መልመጃ ለተማሪዎች፦ ከካርቶን ክብ ቆርጣችሁ ዙሪያውን በ52 ክፈሉ። በዘመነ ማቴዎስ መስከረም ጀምራችሁ ወራቱን በተራ ጻፉ። ስርጉዶቹ በ13ኛው፣ በ26ኛው፣ በ39ኛውና በ52ኛው ላይ ይውላሉ። ከአራቱ አንዱ ከሌሎቹ ያነሰ ጥልቀት ሊኖረው ይገባል። የትኛው ነው? ለምን? መልሱን ለታናናሾቻችሁ አስረዱ።