ሰናመኪና የአካሚው ኃላፊነት

ኤረር ፍል ውኃ ሊታጠብ የሚሄድ ሰው ሰናመኪ ሲሸጥ ማየቱ አይቀርም። በሲቲ ዞን ቆላ የሚበቅለው ይህ ባለ ቢጫ አበባ ቁጥቋጦ ቅጠሉ ደርቆ በትንንሽ ጥቅል ይቀርባል። አንድ ቀን አንዲት እናት ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን ልጇ መድኃኒት ብትጠይቅ ሻጩ «እህቴ፣ ይኸ ሆዱን ይጠርግለታል፤ ሐዲስም አለበት» ብሎ ይህንኑ ቅጠል ሰጣት። አጠገቧ የነበሩ አዛውንት «ተይ ልጄ፣ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ውሰጂው» ባይሏት ኖሮ አፍልታ ታጠጣው ነበር።

ሻጩ ሐዲስ አለ ማለቱ ሐሰት አይደለም። ኢብኑ ማጃህ በዘገቡት ሐዲስ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሰናመኪንና ሰኑትን እንድንይዝ፣ ከሞት በስተቀር ለበሽታ ሁሉ ፈውስ እንዳለባቸው ተናግረዋል። ቲርሚዚ ከአስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ) የዘገቡት ሌላ ሐዲስም አለ፤ በሰነዱ ላይ ዑለሞች ቢነጋገሩበትም ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅም ፍሬ ይዟል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሆዷን በምን እንደምታላላ ጠየቋት። ሹብሩም በተባለ ተክል መሆኑን ስትነግራቸው ብርቱ ነው አሏት፤ እርሷም ወደ ሰናመኪ ዞረች። እንግዲህ ልብ እንበል! የተጠየቀው ሆድን ስለማላላት ነው፤ የተነቀፈውም ከልክ በላይ የሚበረታው ነው። ሻጩ ዘንድ የደረሰው ግን «ለበሽታ ሁሉ» የሚለው ብቻ ነው። ስለ ጥቁር አዝሙድ የተነገረውን ተመሳሳይ ቃል እነ ኸጣቢ ለሚስማማው ሕመም ነው ብለው እንደተረዱት ማን በነገረው!

ቅጠሉ የሚሠራበት መንገድም ይህንኑ ያሳያል። በውስጡ ያለው ሴኖሳይድ የተባለ ንጥረ ነገር ትልቁ አንጀት ሲደርስ በዚያ ባሉ ባክቴሪያዎች ተለውጦ አንጀቱን ያነቃንቃል፤ ውኃና ጨውም ወደ ሰውነት እንዳይመለስ ያግዳል። ከ6 እስከ 12 ሰዓት ስለሚፈጅ ማታ የተጠጣው ጠዋት ይሠራል። የዓለም ጤና ድርጅት በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ያስገባው ለሆድ ድርቀት በመጠን ተለክቶ ሲወሰድ ነው። በጥቅል የሚሸጠውን ቅጠል ግን ማን ለካው? ቦርጭ ለማጥፋት ብለው ለወራት የሚጠጡትም ፖታሲየም የተባለውን ጨው ከሰውነታቸው እያሟጠጡ ነው። ተቅማጥ የያዘውማ ሕፃን ውኃው አስቀድሞ እያለቀ ያለ ነው፤ በዚያ ላይ ሰናመኪ መጨመር ምን እንደሚያስከትል ለማወቅ ሐኪም መሆን አያሻም።

አቡ ዳውድ፣ ነሳኢና ኢብኑ ማጃህ የዘገቡት ሌላ ሐዲስ ደግሞ አለ፤ በሕክምና ዕውቀቱ ሳይታወቅ ያከመ ሰው ለሚደርሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው የሚል። በየገበያው «የነቢዩ ሕክምና» እያሉ የሚሸጡ ወንድሞቻችን ይህንን ሐዲስ ሲያነሱት ሰምቼ አላውቅም። ሊነግሯቸው የሚገባቸው የየመስጂዱ ኢማሞች ናቸው፤ ጁሙዓ ኹጥባ ላይ ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል። ሻጩም የታመመው ማን እንደሆነ፣ ሆዱ የደረቀ ወይም የሚያስቀምጠው መሆኑን፣ እርጉዝ ከሆነችም ሐኪም አማክራ እንደሆነ ሳይጠይቅ ጥቅሉን ባይሰጥ ንግዱ አይጎድልበትም።

ያቺን እናት ከቀትር በኋላ አየኋት። ከጤና ጣቢያው የተሰጣትን የኦ.አር.ኤስ ዱቄት በንጹሕ ውኃ በጥብጣ በማንኪያ ታጠጣዋለች። ሰናመኪው በሻሿ ጫፍ እንደተቋጠረ ነበር።